ከግብጦ እስከ አረቦን

በ1880 ዓ.ም. ለጣሊያን ጦር ስንቅ ተብለው ምጽዋ ላይ ከመርከብ የወረዱ ከብቶች አንድ በሽታ ይዘው ገቡ። ገበሬው «ደስታ» የሚለው ይህ በሽታ ስሙና ሥራው አይገናኙም። የያዘው በሬ ዓይኑና አፍንጫው ይዘንባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ተቅማጥ ያጣድፈዋል፣ ብዙ ሳይቆይም ይወድቃል። በሽታው ከባሕር ዳርቻ ወደ ደጋው ወጣ፤ ከትግራይ ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም ወረደ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ የሚለው ግምት እስከ ዛሬ በታሪክ መጻሕፍት ይጠቀሳል።

ጎጃም ላይ ደግሞ መዓቱ በአንድ አልቆመም። ዐፄ ዮሐንስ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ተቃቅረው ስለነበር፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመውደቃቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሠራዊታቸው ጎጃምን ረግጦት አልፏል። ጦር የበላውን እህል የሚተካው በሬ ነው፤ በሬውን ደግሞ ደስታ ወሰደው። ለጎጃም ገበሬ በሬ የእርሻ መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ቁጠባውም፣ የልጁ ጥሎሽም፣ የክፉ ጊዜ መሸሻውም ነበር። ስለዚህ አንድ በሽታ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ገደለ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡን በምሳሌ ለማነሣሣት ሞክረዋል። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ጊዜ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው፣ ቀኑ ብቻውን ክፉ ተባለ።

ከዚያ ማን ተረፈ? ሁሉንም ነገሩን በአንድ ቦታ ያላከማቸ ነው የተረፈው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ የርስት ሥርዓቱ ጎጃሜውን እንዴት በብዙ አባቶች ስም መሬት እንዲጠይቅ እንደሚያደርገው በዝርዝር ጽፏል። አንዱ ገበሬ ከእናቱ ወገን ደጋው ላይ፣ ከአባቱ ወገን ወንዙ ዳር፣ ከአያቱ ወገን ደግሞ ተረተሩ ላይ ቁራሽ ቁራሽ ማሳ ይኖረዋል። ከሩቅ ለሚያይ ይህ አድካሚ ነው፤ ቀንበር ተሸክሞ ከማሳ ማሳ መሄድ ግማሽ ቀን ይበላል። የጎጃምን በረዶ የሚያውቅ ግን ሌላ ነገር ያያል። በረዶ እንደ ድርቅ አገር አያዳርስም፤ ጠባብ መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው። የአንዱን ጤፍ አፈር አስመስሎ፣ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሳይነካ ያልፋል። ማሳው ሦስት ቦታ የተበተነ ሰው በአንድ ከሰዓት አይደኸይም።

ሰብሉም እንደ ማሳው የተበተነ ነበር። ደጋው ላይ ገብስ፣ ወይና ደጋው ላይ ጤፍና ዳጉሳ፣ ዳር ዳሩን ኑግ፣ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ላይ በርበሬ ይዘራል። አፈሩ ሲደክም ደግሞ ግብጦ ይመጣል። ግብጦ ማንም በሰርግ ላይ የማያቀርበው እህል ነው። መራራ ነው፤ ተቀቅሎ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ አይበላም። ነገር ግን ጤፍ እምቢ ባለው፣ ጎምዛዛ በሆነው አፈር ላይ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፣ ሥሩም መሬቱን መልሶ ያበላል። ከብት በርቢ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ጥጃው እኩል ይካፈላል፣ በሽታ አንዱን መንደር ቢመታ ሌላው ጋ ያለችው ላም ትተርፋለች። ወንፈልና ደቦ አለ፣ ሰንበቴ አለ። ይህን ሁሉ በዚያ ዘመን ዋስትና ብሎ የጠራው የለም፤ እንዲሁ ኑሮ ነበር።

በዚያው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1861 ስዊዘርላንድ ውስጥ ግላሩስ የምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ ሌሊት ተቃጠለች። ከተራራ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ እሳቱን እየነዳ ወደ ስድስት መቶ የሚጠጉ ሕንፃዎችን አመድ አደረገ። የአካባቢው የእሳት ዋስትና ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም፤ ዋስትና ሰጪውና ዋስትና ገቢው በአንድ እሳት ውስጥ ነበሩና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ከዚያ አመድ ሁለት ኩባንያዎች ተወለዱ። አንደኛው ባዝል ላይ የተመሠረተው የእሳት መድን ኩባንያ ባሎይዝ ነው። ሁለተኛው ስዊስ ሪ ነው፤ ሥራው የመድን ኩባንያዎችን ራሳቸውን መድን ማድረግ፣ በእኛ አነጋገር ጠለፋ ዋስትና ነው። ነገሩ በማሳ ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው፦ የግላሩስን እሳት ግላሩስ ብቻዋን እንዳትሸከም፣ ስጋቱ ወንዝ ማዶ ይሻገር። ሁለቱንም ስሞች አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ይመለሳሉ።

መድን በዘመናዊ መልኩ አዲስ አበባ የገባው በባንክ በር ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጭነት ዋስትና ይሸጥ ነበር። ደንበኛው ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያስመጣና ቡና የሚልክ ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ደግሞ አንድ ኦስትሪያዊ የባሎይዝ ወኪል ተደርጎ ተሾመ። የግላሩስ እሳት ልጅ በዚህ መንገድ አራት ኪሎና ፒያሳ ደረሰ። ጎጃም ግን አልደረሰም፤ የሚያሻግረው ምክንያትም አልነበረም። መድን ድርጅት የሚያየው ደረሰኝ ያለውን ንብረት ነው፤ የበሬ ደረሰኝ የለም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያው የአገር ውስጥ መድን ድርጅት፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአገሪቱ የሚሠሩት ኩባንያዎችና የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፎች 33 ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት የንግድ ሕጉ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 281 መንግሥት ዘርፉን የሚቆጣጠር አካል አቆመ። በዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ1964 የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ጉልበቱ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ የአንድ መለስተኛ ፋብሪካ ፍጆታ የሚመስለው ያ ኃይል ለባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሕይወት ሰጠ። ከፏፏቴው የሚዘለው ውኃ የተወሰነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦይ ታጠፈ። ውኃው ቢጎድል ምን ይሆናል የሚለውን ያኔ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ብዙም አልነበረም፤ ጣና ትልቅ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ ከሁለት ወር በኋላ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1968 ዓ.ም. የተወረሱት በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠቃለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆኑ። ድርጅቱን ማማት አይገባም፤ ለሃያ ዓመት ገደማ ብቻውን ሥራውን ይዞ ቆይቷል፣ የዘርፉን ባለሙያዎችም አፍርቷል፣ ዛሬም ትልቁ እሱ ነው። ዘመኑ ግን ሁሉን አንድ የማድረግ ዘመን ነበር። መድን ሰጪው አንድ ሆነ። የእህል ገዢውም፣ ኮታውን ለሚጠብቀው ገበሬ፣ አንድ ሆነ፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት። ትርፍ አምራች ተብሎ የተመዘገበው ጎጃም ኮታው ከከበደባቸው አካባቢዎች ዋነኛው ነበር። በርስት ተበትኖ የነበረውም ማሳ በቀበሌ ገበሬ ማኅበር እየተሸነሸነ እንደገና ተደለደለ። የርስት ሥርዓቱ ብዙ ግፍ ነበረበት፤ ልመለስበት አልፈልግም። ነገር ግን ከግፉ ጋር በረዶን የሚያታልለው የማሳ ስብጥር አብሮ እንደሄደ ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

የኢሕአዴግ መንግሥት ሲመጣ ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። አንዱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው፤ የግል መድን ኩባንያ ማቋቋም ተፈቀደ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አፍሪካ፣ አዋሽ፣ ናሽናል፣ ኒያላ የሚባሉ ስሞች በከተማው ሕንፃዎች ላይ ወጡ። ሁለተኛው በር የበቆሎ ነው፤ ምዕራብ ጎጃም የገባው በዚህኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባለው ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። በገበሬው ማሳ ላይ ሰፋ ያለ የማሳያ መደብ ይዞ፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሰጥቶ፣ ውጤቱን ለጎረቤት ማሳየት ነበር ዘዴው። በዚያው ዓመት ቢኤች 660 የሚባለው ዲቃላ በቆሎ ተለቀቀ። ጊዜውን የሚጠይቅ፣ ቁመቱ የሚያስፈራ፣ ምርቱም የሚያስደነግጥ ዘር ነው። ለምዕራብ ጎጃም ዝናብና አፈር የተሰፋ እስኪመስል ድረስ ገጠመ። ከ1987 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ዘዴውን የአገር ፖሊሲ አደረገው። ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ክረምቱን የተጓዘ ሰው ግራና ቀኙን በቆሎ ብቻ የሚያይበት ጊዜ መጣ። ዳጉሳ ወደ ዳር ተገፋ። ኑግም እንደዚያው። ግብጦ የድሃ እህል ተባለ፤ ድሮም ተብሎ ነበር፣ አሁን ግን በእርሻ ባለሙያም ጭምር።

ይህን ስጽፍ በቆሎን መውቀስ አይደለም ሐሳቤ። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በበቆሎ ነው፤ ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት የገባው በበቆሎ ነው። ነገር ግን የብድሩን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ያኔ ማዳበሪያው በብድር ነበር። አበዳሪው ባንክ ነው። ባንኩ ገበሬውን አያውቀውም፤ ስለዚህ የክልሉ መንግሥት በራሱ በጀት ዋስ ይሆን ነበር። ዋስ የሆነ ሰው ደግሞ ዕዳው እንዲሰበሰብ ይተጋል። ስለዚህ ማዳበሪያ የሚያድለው የልማት ሠራተኛና የቀበሌው ሊቀመንበር እህሉ አውድማ ላይ ሲወርድ ዕዳ ሰብሳቢ ሆነው ይመጣሉ። ሁሉም ገበሬ አንድ ሰብል አምርቶ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ገበያ፣ ለአንድ ዕዳ ይሸጣል ማለት ነው። መድን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ግላሩስን ያስታውሳል፤ ቤቶቹ ሁሉ ተጠጋግተው፣ ጣሪያቸውም እንጨት ነበር።

እሳቱ የተነሣው ድርቅ ሆኖ ሳይሆን ጥጋብ ሆኖ ነው። ከ1993 እና ከ1994 ዓ.ም. መልካም አዝመራዎች በኋላ የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። የሚገዛ ነጋዴ በቂ መጋዘንም፣ በቂ ብድርም አልነበረውም፤ እህሉን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያመላልሰው መንገድ ውድ ነው። ዋጋው በብዙ ገበያ ከግማሽ በታች ወርዶ፣ አንዳንድ ቦታ የመሰብሰቢያውን ጉልበት እንኳ ስለማይመልስ በቆሎው ማሳ ላይ ተተወ። ዕዳው ግን አልወረደም። ዋሱ ክልሉ ነው፤ ክልሉ ከቀበሌ ይጠይቃል፣ ቀበሌው ከገበሬው። በሬ ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳ የከፈለ ገበሬ ብዙ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ የወሰደው ሰው አነሰ፤ ያው ክረምት ደግሞ በምሥራቁ አገር ድርቅ ሆነ፣ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሆነ። በቆሎ ማሳ ላይ በተተወበት አገር በዓመቱ ረሃብ። ይህን ሁኔታ ካጠኑት መካከል የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ እሌኒ ገብረመድኅን ነበሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመሠረቱትም ይህ ቁጭት ይዟቸው ነው። ምርት ገበያው ቡሬ ላይም መጋዘን ነበረው። ብዙ ሳይቆይ ግን ዋና ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ፤ በቆሎ በቀድሞው መንገድ ቀጠለ።

በዚያው በ1995 ዓ.ም. ጣናም ተራውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የጢስ ዓባይ ሁለተኛው ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት ይዞ ተጨምሮ ነበር። ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተሠርቷል። ዝናብ ሲያንስና አገሪቱ መብራት ሲጠማት ውኃው ወደ ተርባይኑ ቀጠለ፤ ሰኔ ላይ ሐይቁ እስከዚያ ድረስ ተመዝግቦ ከሚታወቀው ሁሉ ዝቅ ብሎ ወረደ። መርከቦቹ ቆሙ። ፏፏቴውን ለማየት ጢስ ዓባይ ድረስ የመጣ ጎብኚ ደግሞ ከሰፊው ገደል ላይ የምትንጠባጠብ ቀጭን ውኃ አየ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ሽመና የምትሸጠው ሴት፣ ሁሉም በአንድ ውኃ ነበር የሚኖሩት። በ2002 ዓ.ም. በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወደ ሌላ አቅጣጫ መውሰድ ሲጀምር የጢስ ዓባይ ተርባይኖች ሥራ ቀነሰ፤ ፏፏቴውም ከፊል ግርማው ተመለሰለት። ጣና ላይ ግን በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የሚባል የውኃ አረም አዲስ ባለዕዳ ሆኖ ብቅ አለ።

የዓለም መድን ነጋዴዎች ስለ አየር ንብረት መጨነቅ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፤ የጀርመኑ ሙኒክ ሪ ጎርፍና ሙቀትን አያይዞ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ለኢትዮጵያ ገበሬ የሚሆን ነገር የመጣው ግን በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ አመጣጡ እንግዳ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ፓሪስ ካለው አክሳ ሪ ጋር ውል ተዋዋለ፦ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ኩባንያው እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። አረቦኑ 930,000 ዶላር ነበር። ያ ዓመት ዝናቡ መልካም ሆነና ክፍያ አልተፈጸመም። ኪሳራ ነው ያሉ ነበሩ። የእሳት መድን ገብቶ ቤቱ ሳይቃጠልበት የቀረ ሰው ከስሮ ከሆነ፣ አዎ፣ ኪሳራ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ ትግራይ ውስጥ አዲ ሃ የምትባል መንደር 200 ቤተሰቦች ለጤፋቸው መድን ገዙ። ኦክስፋም አሜሪካና የትግራይ ተራድኦ ማኅበር አደራጁት፣ ኒያላ ሸጠው፣ ከጀርባ ደግሞ ስዊስ ሪ ነበር፤ የግላሩስ እሳት ሁለተኛው ልጅ። ከገዢዎቹ መካከል እማወራዎች ጥቂት አልነበሩም። ብር የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ ይከፍላል፦ እርከን ይሠራል፣ ማዳበሪያ ያብላላል፣ ችግኝ ይተክላል። ይህ ሐሳብ በእውነት ብልህ ነው፤ አረቦኑ ራሱ ስጋቱን ይቀንሳል። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ቦረና ላይ ለአርብቶ አደሩ በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ የሚለካ የከብት መድን ጀመረ።

ምዕራብ ጎጃም ከዚህ ሁሉ ዳር ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ትርፍ አምራች ነው፣ ዝናቡ አስተማማኝ ነው፣ አብዛኛው ወረዳ በምግብ ዋስትናው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ የለም። የመድኑን ክፍያ የሚወስነው ጠቋሚ የተሠራው ድርቅን ሊለካ ነው፤ የጎጃም ገበሬ የሚፈራው ግን በረዶን፣ የአፈር ጎምዛዛነትን፣ ተምችንና የገበያ ውድቀትን ነው። በ1994 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የዝናብ መድን የገዛ ገበሬ ቢኖር ኖሮ ሳንቲም አያገኝም ነበር፤ ዝናቡማ መልካም ነበር።

ለዚህ አካባቢ ሰው በእርግጥ የደረሰው መድን የጤናው ነው። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር ያኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነበር። አሠራሩን ያየ ሰው ከእድር ጋር ያለውን ዝምድና አያጣውም። መዋጮው አዝመራ ሲሰበሰብ ይከፈላል። ሰው ብቻውን አይመዘገብም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይገባል፣ አለዚያ በሽተኛው ብቻ ተመዝግቦ ጤነኛው ይቀርና ገንዘቡ ይደርቃል። እጅግ ድሃ የሆነውን ራሱ የቀበሌው ሕዝብ ይመርጠዋል፤ የእሱን መዋጮ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል። ባለ በሬና ባዶ እጅ፣ ሽማግሌና አራስ፣ ደገኛና ቆለኛ በአንድ መዝገብ ላይ ተሰለፉ። የመድን ባለሙያ «ስብጥር» የሚለውን ደቡብ አቸፈር በካርድ አወጣው። መድኃኒት ጠፋ፣ ካርድ ያለው ይጉላላል የሚለው ቅሬታ አብሮት አልጠፋም፤ ቢሆንም ከሙከራ ወደ አገር አቀፍ ሥራ ተሻገረ።

ከ2008 ዓ.ም. በኋላ ስጋቱ መልኩን ለወጠ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ባሕር ዳር አካባቢ ተቃውሞው በበረታበት ሰሞን የሆላንዱ ኤስመራልዳ የአበባ እርሻ ተቃጠለ፤ ኩባንያው የ10 ሚሊዮን ዩሮ ኢንቨስትመንት አጣሁ ብሎ ወጣ። መደበኛው የእሳት ውል ሕዝባዊ አመፅን በራሱ አይሸፍንም፤ «የፖለቲካ ብጥብጥና ሽብር» የሚባለው ሽፋን ለብቻው የሚገዛ፣ ዋጋውም በአብዛኛው ከውጭ የሚወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ንግድ መድን ኤጀንሲን ተቀላቀለች፤ የኢትዮጵያ ጠለፋ ዋስትና አክሲዮን ማኅበርም ሥራ ጀመረ፤ ኩባንያዎች ከእያንዳንዱ ውል አምስት በመቶውን እንዲያስተላልፉለት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች ደረሰ። በደቡብ ምዕራብ ታይቶ፣ ክረምቱ ሲገባ የጎጃም በቆሎ ላይ ነበር። ገበሬው ከነልጆቹ ማሳ ለማሳ እየዞረ ትሉን በእጁ ለቀመ። መቶ ዓይነት ሰብል ቢኖር ኖሮ ተምቹ የሚወደውን እየፈለገ ይንከራተት ነበር፤ በአንድ ሰብል አገር ግን የሚበላው ሁሉ ፊቱ ነው።

ጎረቤት አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ላይ የሆነውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አፈሩ ጎምዝዞ ጤፍና ገብስ ሲቀንስ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚባለውን የግራር ዝርያ ተከለ። የመጀመሪያውን ዓመት ችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፣ በአምስተኛው ዓመት ገደማ ቆርጦ ከሰል ያወጣል፤ ከሰሉ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። አፈሩም አገገመ፣ ገንዘብም ገባ፤ ለዘላቂ የመሬት አያያዝ ምሳሌ ተብሎ ብዙ ተጻፈለት። ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ ሆነ። ከዚያ ቅጠሉን የሚያዝግ የፈንገስ በሽታ መጣ፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያ አረንጓዴ ኮረብታ እየጠወለገ ቆመ። በ1880ው ደስታ አንድ በሽታ አራት ነገር እንደገደለ ሁሉ ይህኛውም የገበሬውን ማገዶ፣ ጥሪት፣ የመኖና የአፈሩን ተስፋ በአንድ ጊዜ ያዘው። ለዛፍ በሽታ የሚሸጥ ውል በአካባቢው አልነበረም።

ቡሬ በ2013 ዓ.ም. ሌላ ከተማ መሰለች። የተቀናጀው የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ፊቤላ የተባለው የዘይት ፋብሪካ በ4.5 ቢሊዮን ብር ተገንብቶ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ሥራ ጀመረ። ለአካባቢው መድን ወኪሎች እንዲህ ያለ ንብረት ታይቶ አይታወቅም፤ አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው ዋጋ የወረዳውን በሬ ሁሉ ሊያስከነዳ ይችላል። ደረሰኝም አለው። ነገር ግን የአገሪቱ ዘይት ፋብሪካዎች በጥሬ ዕቃና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከአቅም በታች ሲሠሩ፣ አንድ ቀደም ሲል የተረሳ ሰብል ስሙ ተነሣ፦ ኑግ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዓለም መገናኛ ብዙኃን ተናገሩ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ጥቃት ደርሶባቸዋል ብሎ ከጠቀሳቸው ከተሞች መካከል ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አስፍሯል። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ማዳበሪያ የጫነ መኪና በየኬላው ቆመ። የመድን ውሎቹ ስለዚህ ነገር የሚሉት አጭር ነው፤ ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ዐመፅ፣ የወታደራዊ ኃይል እርምጃ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ለቀስተኛን የሚያስተናግደው እድር ድንኳኑን ሲተክል እንዲህ ያለ አንቀጽ አላነበበም። እድር ግን የተቃጠለ አይሱዙ መተኪያ የሚሆን ገንዘብ የለውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። የመድን ቤቶች ይህን በፍጥነት ተረዱት፤ ደንበኛው ቀስ ብሎ። እንበል አንድ ነጋዴ መኪናውን በ3 ሚሊዮን ብር አስመዝግቦ ነበር፣ ዛሬ ግን የዚያው መኪና መተኪያ 6 ሚሊዮን ነው። የአንድ ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው ሙሉው አይደለም፤ ንብረቱን በግማሽ ዋጋ መድን እንደገባ ተቆጥሮ ግማሹ ብቻ ይሰጠዋል። ሌላው ግማሽ ስጋት፣ ሳያውቀው፣ በራሱ ትከሻ ላይ ነበር። ስለዚህ ውል የማደሻው ወር ሲደርስ «የንብረትዎን ዋጋ እንደገና ያስገምቱ» የሚል ማሳሰቢያ ተከተለው። ነጋዴው ግምቱን አስተካከለ፣ የጨመረውን አረቦን ከፈለ፣ አዲሱን ውል አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ጦርነትን የሚያወጣው አንቀጽ እንደ ቀድሞው በቦታው ነበር።